ሦስተኛው ሲዲአይ ተቃጠለብኝ፤ ኮፒ ለረጅም መንገድ ይታመናል?

ሐረጎ ወራጅ (ደሴ)፣ ጥቅምት 4

ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳው ሆንዳ ትራንሳልፕ 600 ነው፤ በፈረንጆች 1990 የተሠራ። በስንት እጅ ዞሮ ነው የደረሰኝ። ረጅም መንገድ የምሄደው በእሱ ነው። ወልድያ፣ ላሊበላ፣ ባቲ፣ አንዳንዴም እስከ ሚሌ እወርዳለሁ። ለማታውቁት፣ ይህ ሞተር ሁለት ሲሊንደር አለው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ሁለት ካንዴላና የየራሱ ሲዲአይ (ለካንዴላው እሳት የሚያዘጋጀው የኤሌክትሮኒክ ሳጥን) አለ። ስለዚህ አንዱ ሲዲአይ ሲሞት ጨርሶ አይቆምም፤ በአንድ ሲሊንደር እያነከሰ ይሄዳል።

የፊተኛው ሲሊንደር ኦሪጅናል ሲዲአይ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቶ አምና ሞተ። ዕድሜውን ጨርሷል፣ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ በመጣው ነው። በምትኩ ኮፒ ገዛሁ፤ አምስት ወር ሠራ። ሁለተኛው ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። ሦስተኛው ባለፈው ሰኞ ሐረጎ ላይ ተቃጠለ።

እናቴን ከኋላ ጭኜ ከባቲ ገበያ እየተመለስኩ ነበር። ኮምቦልቻን አልፈን ዳገቱን ጀመርን። ጉም ወርዷል። ከኋላዬ የጫነ መኪና አለ። ጠመዝማዛው ላይ ስደርስ ሞተሩ ድንገት ግማሽ ጉልበቱን ጣለ፤ ቀስ ብሎ ሳይሆን መብራት እንደሚጠፋ ነው ቀጥ ያለው። እናቴ ወርዳ በእግሯ ዳገቱን ወጣች። ዕቃዋን በጀርባዋ አዝላ ሳያት የተሰማኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

ጥግ ይዤ ኮርቻውን ከፈትኩ። የፊተኛውን ሳጥን ስነካው ጣቴን ለበለበኝ። ጀርባውን የሞላው ጥቁር ሙጫ አብጧል፤ በአንድ በኩል ቡናማ ጠብታ ወጥቶ ደርቋል። የኋለኛው ኦሪጅናል ግን ለብ ብሎ ነው የነበረው። የሁለቱን ሶኬት አቀያየርኩ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ አስነሳሁና ሁለቱ ቱቦዎች ላይ ውሃ ጠብ አደረግሁ። ቀድሞ የማይሞቀው የፊተኛው ነበር፤ አሁን የፊተኛው ሲንጫጫ የኋለኛው ቀዝቅዞ ቀረ። ስለዚህ ጥፋቱ ከሳጥኑ ነው። ቦቢናም (የሲዲአዩን እሳት ለካንዴላው የሚያጎለብተው ጥቅል) ካንዴላም አይደለም።

ኮፒ የሚባል ነገር ጨርሶ አይታመንም ማለት ነው? ወይስ ሌላ የምታዩት ነገር አለ? ባትሪው አዲስ ነው፤ ውሃ ብቻ ቶሎ ቶሎ ይጨርሳል። የፊት አምፖል በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ፤ እሱ ከመንገዱ ንዝረት ይመስለኛል።


የሐይቅ ዳር ልጅ፣ ጥቅምት 4

ወንድሜ፣ እናትህ በሰላም መግባቷ ትልቅ ነገር ነው። ኮፒ ግን በቃህ። ሦስት ኮፒ የገዛህበትን ብር ብትደምረው አንድ ያገለገለ ኦሪጅናል ከውጭ ያስመጣልህ ነበር። እኔ 150 ሲሲ ነው የምነዳው፤ አራት ዓመት ሙሉ ሐይቅ ደሴ፣ ደሴ ወልድያ ስመላለስ ከሞተሩ ጋር የመጣውን ሲዲአይ ነክቼው አላውቅም። ከተማ ውስጥ ቢቆምብህ ገፍተህ ጋራዥ ታደርሰዋለህ፣ ጋሸና ሜዳ ላይ በማታ ቢቆምብህ ግን ብርዱ ራሱ ይገድልሃል።


ቃሉ መለዋወጫ (ኮምቦልቻ)፣ ጥቅምት 5

ሻጭ ነኝ። ስለዚህ ሸማች ሊያውቀው የሚገባውን ልናገር።

ኮፒ ሁሉ አንድ አይደለም። ሰው ግን ሶኬቱ ገጥሞ ከገባለት "ልክ ነው" ብሎ ይሄዳል። ይሄ ነው ብዙ ገንዘብ ያስበላው። ሲዲአይ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው የሚሠራው በባትሪ ነው፤ 12 ቮልቱን ተቀብሎ ውስጡ ራሱ ከፍ ያደርገዋል። ሌላው ባትሪ አይፈልግም፤ ዲናሞው ውስጥ ለእሱ ብቻ የተጠመጠመ ጥቅል አለ፣ ከዚያ ነው የሚመገበው። ሁለቱ በውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው። ባለ 6 እግር ሶኬት ያላቸው ትናንሾቹ ላይ ይህ ስህተት በየቀኑ ይሠራል። አንዱን በሌላው ቦታ ብታስገባ ወይ እሳት አይሰጥም፣ ወይ እዚያው ይቃጠላል።

ሁለተኛ፣ ሳጥኑን በእጃችሁ መዝኑት። ጥሩው ውስጡ እስከ አፉ በሙጫ የተሞላ ስለሆነ ይከብዳል። ቀላሉ ግማሽ ድረስ ነው የተሞላው። ሙጫው ዕቃዎቹን አንቆ ይይዛል፣ ሙቀትም ወደ ውጭ ያወጣል። ግማሹ ባዶ ከሆነ በንዝረት የተበየደው ቦታ ይሰነጠቃል። ደንበኛ ሁለት ሦስቱን እያነሳ ቢመዝን አልቆጣም፤ ሌላም ሻጭ መቆጣት የለበትም።


አቀስታ (ለጋምቦ)፣ ጥቅምት 5

ነርስ ነኝ። በሞተር ነው ቀበሌ ለቀበሌ የምዞረው። የእኔ አንድ ሲሊንደር ነው፤ ስለዚህ ሲዲአይ ከሞተ በአንድ እግር እንኳ መሄድ የለም፤ እዚያው መቆም ነው።

የእኔ ሲዲአይ ሲሞቅ ይጠፋ ነበር። 20 ደቂቃ ስጠብቅ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ጋራዥ ስወስደው ቀዝቅዞ ስለሚደርስ ሁልጊዜ ደህና ነው። መካኒኮቹ "አንቺ ነሽ በትክክል የማታስነሽው" እስከማለት ደረሱ። በጣም ነበር የሚያሳዝነኝ። በመጨረሻ አንድ ልጅ የሴቶች ፀጉር ቤት ወሰደኝ። ሞተሩን በር ላይ አስነስቶ፣ በፀጉር ማድረቂያው ሳጥኑ ላይ ብቻ ሞቅ ያለ አየር ለቀቀበት። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ ጠፋ። እርጥብ ጨርቅ ጣል አደረገበት፣ ትንሽ ቆይቶ ተነሳ። ሁለት ጊዜ ደገምነው። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም።

የኋላ ታሪኩን ስናጣራ ደግሞ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው አዲስ ሳጥን ሲያስገጥም ሽቦው አጥሮ ስለነበር ሲሊንደሩ ራስ አጠገብ አስረውለታል። ልጁ ሌላ ኮፒ ገዝቶ፣ ሽቦውን አስረዝሞ፣ ኮርቻ ሥር በላስቲክ አንጠልጥሎ አሰረልኝ። ኮፒ ነው። ሁለት ዓመት አለፈው። ክረምትም በጋም አላስቸገረኝም። ወንድሜ፣ አንተስ ሳጥንህ የት ነው ያለው? አየር ያገኛል?


ሐረጎ ወራጅ፣ ጥቅምት 5

እህቴ፣ ሳጥኔ ፋብሪካው ያደረገበት ቦታ ነው። ላስቲኩም አለ። ከኦሪጅናሉ ጋር ጎን ለጎን ነው የተቀመጠው። ግራ የገባኝ እሱ ነው፤ አንዱ ይቃጠላል፣ ሌላው ምንም አይሆንም። ቃሉ፣ ዓይነቱ ትክክል ነው፤ በባትሪ የሚሠራው ነው። የሳጥኑን ክብደት ግን አንድም ቀን አላየሁም፤ ሲመቸኝ ሱቅህ እመጣለሁ።


ወሎዬ ከፍራንክፈርት፣ ጥቅምት 6

እኔ እዚህ ቢኤምደብሊው አር 100 አርቲ ነው ያለኝ፤ 1982 ስሪት። ይህ ሞተር እስከ 1980 በፑንቲና (ያለ ኤሌክትሮኒክ፣ እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን በሚያስነሳው መቆራረጫ) ነበር የሚሠራው፤ በ1981 ወደ ኤሌክትሮኒክ ተቀየረ። ሳጥኑ ታንከሩ ሥር በላሜራ ላይ ነው የታሰረው፤ በመካከሉ ሙቀት የሚያሳልፍ ነጭ ቅባት ይቀባል። ቅባቱ በዓመታት ይደርቃል። ሲደርቅ ሳጥኑ ሙቀቱን የሚጥልበት ያጣል። ከዚያ በበጋ ረጅም መንገድ ላይ ይጠፋል። ሰዎች ደግሞ ሳጥኑ ሞተ ብለው አዲስ ይገዛሉ፤ አዲሱንም በደረቅ ላሜራ ላይ ያስሩታል። እኔ በየሁለት ዓመቱ ታንከሩን አውርጄ ቅባቱን ጠርጌ አዲስ እቀባለሁ። 15 ደቂቃ አይፈጅም።

በተተኪ ሳጥን ብዙ ረጅም ጉዞ የሚሄዱ ጓደኞች አሉኝ። ጎልድዊንግ ያለው አንዱ ለምሳሌ፤ ያ ሞተር 1975 ላይ ሲወጣ በፑንቲና ነበር። እሱ ኤሌክትሮኒክ አስገብቶለታል። ግን የድሮውን ፑንቲና ከነሰሌዳው በጨርቅ ጠቅልሎ ሳይዝ ከቤቱ አይወጣም። መንገድ ላይ ቢጠፋበት በግማሽ ሰዓት ይመልሰዋል። ስለዚህ "ይታመናል አይታመንም" ከሚለው በፊት፣ ሲሞት ምን በእጅህ አለ የሚለውን አስብ። አንተ ያገለገለ ኦሪጅናል አንድ ብታገኝ ሳጥንህ ውስጥ ይቀመጥ።


ጋሽ ቦቢና፣ ጥቅምት 7

ልጄ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልሱን አንተው ጽፈህ አልፈኸዋል።

ባትሪው ውሃ ቶሎ ይጨርሳል አልክ። አምፖል ሁለት ጊዜ ተቃጠለ አልክ። ሲዲአይ ሦስት ጊዜ። እነዚህ ሦስቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የባትሪ ውሃ በንዝረት አያልቅም፤ ፈልቶ ነው የሚያልቀው። ሬጉሌተርህ (ከዲናሞው የሚመጣውን ቮልት የሚገድበው) ብዙ እየላከ ነው።

እንዲህ አድርግ። ቴስተር ያዝ። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪውን ለካ። ቀጥሎ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳትሰጥ)። ቀጥሎ 4 ሺህ፣ 5 ሺህ ዙር ላይ አድርገህ ለካ። ከ13 ነጥብ 8 እስከ 14 ነጥብ 6 ባለው ውስጥ ከሆነ እኔ ተሳስቻለሁ። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተር ለመግዛት አትሩጥ። ያንተ ሬጉሌተር የባትሪውን ቮልት የሚያነብበት ቀጭን ጥቁር ሽቦ አለው። ቴስተርህን አንዱን ጫፍ ባትሪው ፖዚቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሬጉሌተሩ ሶኬት ላይ ያለው ጥቁር ሽቦ ላይ አድርግ። ልዩነቱ ግማሽ ቮልት እንኳ መድረስ የለበትም። ከበለጠ፣ ሬጉሌተሩ ያነሰ እያነበበ ባትሪው የጎደለ ይመስለዋል። ስለዚህ እየጨመረ ይልካል። ጥፋቱ የሬጉሌተሩ ሳይሆን የሽቦው ነው።

ማሳውንም (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰውን) እንደዚሁ ለካ። ቀለም ላይ የታሰረ ማሳ አይቻለሁ።


ሐረጎ ወራጅ፣ ጥቅምት 9

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ጠፍቶ 12 ነጥብ 6። ሚኒሞ ላይ 14 ነጥብ 3። 4 ሺህ ዙር ላይ 16 ነጥብ 1! ቴስተሩ ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ የጎረቤት ተውሼ ደገምኩት፤ ያው ነው። እንዳሉኝ በባትሪውና በጥቁሩ ሽቦ መካከል ስለካ 1 ነጥብ 7 አገኘሁ።

ሽቦውን በጣቴ እየተከተልኩ ሄድኩ። ወደ ሬጉሌተሩ ብቻ የሚሄደው ቅርንጫፍ ላይ፣ ከጎን መሸፈኛው ጀርባ፣ ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ሽቦውን ቆርጦ በእጁ ጠምዝዞ በናስትሮ አስሮታል። ናስትሮውን ስፈታው ሙጫው እጄ ላይ ተጣበቀ። ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ስነካው ግማሹ ፍርፍር አለ። እስኪያበራ ፋቅሁት፣ እንደገና ጠምዝዤ አሰርኩት። አሁን 4 ሺህ ላይ 14 ነጥብ 4።

ይህን ሁሉ ጊዜ ሻጮቹን ስረግም ነበር። አንዱ ጋ ሄጄ በሰው ፊት ተናግሬዋለሁ። ነገ ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።


አቀስታ፣ ጥቅምት 9

አጃኢብ ነው! ሦስት ሳጥን የበላው አንዲት ጥምዝ ሽቦ?


የሐይቅ ዳር ልጅ፣ ጥቅምት 9

ጋሼ፣ ክብርዎ እንደተጠበቀ ሆኖ አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። የኋለኛው ኦሪጅናል ያንኑ 16 ቮልት ሲበላ ነው የከረመው። እሱ ለምን አልሞተም? ስለዚህ ኮፒው ደካማ ነው የሚለው ቃሌ አሁንም አልወደቀም። ኦሪጅናል ቢሆን ኖሮ እናትየዋ ሐረጎን በእግሯ አትወጣም ነበር።


ጋሽ ቦቢና፣ ጥቅምት 10

ልክ ብለሃል፤ አልከራከርህም። ሁለታችንም የያዝነው እውነት ነው።

በባትሪ የሚሠራ ሲዲአይ 12 ቮልቱን ተቀብሎ ወደ 200፣ 300 ቮልት ያወጣዋል። ያንን ኮንደንሰር ውስጥ ያጠራቅማል። መልቀቂያው ጊዜ ሲደርስ በአንዴ ወደ ቦቢናው ይለቀዋል። በደንብ የተሠራው ሳጥን ከፍ ብሎ የሚመጣውን የሚገታበት አለው፤ ኮንደንሰሩም ተጨማሪ አቅም ይዞ ነው የተሠራው። ርካሹ የሚገታበት የለውም። 12 ሲገባ 250 የሚሰጠው፣ 16 ሲገባ ከ300 በላይ ይሰጣል። ኮንደንሰሩ ጫፍ ላይ ነው የሚውለው። ጥቂት ወር ይችላል። ከዚያ ያብጣል፤ አንተ ያየኸው ቡናማ ጠብታ የዚያ ምልክት ነው።

ስለዚህ ኦሪጅናሉ በሽታውን ችሎ ኖረ። ኮፒው በሽታውን ነገረን። በሽታው ሳይድን ኦሪጅናል ብታስገባም እኮ አምፖሉና ባትሪው መሞታቸውን አይተዉም።


ወልድያ መናኸሪያ፣ ጥቅምት 12

የእኔ ግን 14 ነጥብ 2 ነው። ለክቻለሁ። ሽቦውም ማሳውም ንጹህ ነው። ኮፒ ሲዲአይ ግን ሌላ ነገር አሳየኝ፣ ማንም አላነሳውምና ልናገር።

ሳጥኑ አልሞተም። እሳት ይሰጣል። ሞተሩ በአንድ ምት ይነሳል። ከወልድያ ወጥቼ የድልብን ዳገት ስጀምር ግን ጉልበት የለም። ሦስተኛ ካምቢዮ ይጎትት የነበረው በአንደኛ መሄድ ጀመረ። ማርሚታው ከኢንጅኑ የሚወጣበት ጋ ሲመሽ ስመለከተው ቀይ ሆኗል። ካርቡራቶር ፈታሁ፣ ፍሪሲዮን ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። መጨረሻ ላይ ከመኪና ጋራዥ ብልጭ እያለ ፋዝ የሚያሳየውን መብራት ተዋስኩ። ዙሩ ሲጨምር ማግኔቱ ላይ ያለው ምልክት መንቀሳቀስ አለበት፤ እሳቱ ቀደም እያለ ይመጣል ማለት ነው። ሚኒሞ ላይ 10፣ 15 ዲግሪ ቢሆን፣ 4 ሺህ ዙር ላይ ወደ 30 ይጠጋል። የእኔ ምልክት ንቅንቅ አላለም። ሳጥኑ ዙር አይቶ የሚያስቀድም ነገር ውስጡ የለም። እሳቱ ዘግይቶ ስለሚመጣ ቤንዚኑ የሚነደው ማርሚታው ውስጥ ነው። የድሮውን መልሼ ሳስገባ ዳገቱን እየዘፈንኩ ወጣሁት።

ስለዚህ ቮልት ብቻ አይደለም። "ይሠራል" ማለትና "በትክክል ይሠራል" ማለት ይለያያል። እንዲህ ያለው ሳጥን ቀስ እያለ ቫልቭ ይበላል።


ወሎዬ ከፍራንክፈርት፣ ጥቅምት 12

ወልድያ፣ ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። እዚህ ጥሩዎቹ ተተኪዎች ከነማስቀደሚያ ሰንጠረዣቸው ነው የሚመጡት፤ በየስንት ዙሩ ስንት ዲግሪ እንደሚያስቀድም ተጽፎ ይሰጥሃል። ያ ወረቀት የሌለውን አልገዛም።


አቀስታ፣ ጥቅምት 13

አንድ ጥያቄ ለጋሼ። እዚህ ደጋው ላይ ካንዴላዬ ቶሎ ይጠቁራል። ሲዲአዩ ደክሟል የሚሉኝ አሉ። አሁን ይህን ሁሉ ሳነብ ልቀይረው እንዴ አልኩ።


ጋሽ ቦቢና፣ ጥቅምት 13

እንዳትቀይሪው ልጄ። ደሴ እንኳ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850፤ አንቺ ከሁለቱም በላይ ነሽ። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው በደረቅ ጥላሸት ይጠቁራል። ያ የካርቡራቶር ነገር ነው። ጂግለሩን (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በአንድ ቁጥር አሳንሽው። የሲዲአይ ጥፋት ካንዴላውን ሳያጠቁር ነው ብዙ ጊዜ የሚመጣው፤ ድንገት ይጠፋል፣ ድንገት ይመለሳል። የቤንዚን ችግር ግን ቀስ እያለ ነው የሚያደክመው።


ሐረጎ ወራጅ፣ ጥር 3

ጠፍቼ ነበር። ከላሊበላ መመለሴ ነው፤ ገናን እዚያው አከበርን። እናቴ ከኋላዬ ነበረች። መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር፤ ሳሳያት፣ ቮልቱን በቁጥር ሳነብላት፣ እሺ አለች።

አራተኛውን ሳጥን ከቃሉ ሱቅ ነው የገዛሁት። አራት አወጣልኝ፤ አንድ በአንድ መዘንናቸው፣ በጣም የከበደውን ወሰድኩ። የዋጋ ልዩነቱ ያን ያህል አልነበረም። የፋዝ መብራት ፈልጌ አየሁት፤ ምልክቱ ይንቀሳቀሳል። መሪው ላይ ትንሽ የቮልት ማያ አሰርኩ። የተቃጠለውን ሳጥን አልጣልኩትም፣ ለማሳያ አስቀምጬዋለሁ።

ድልብን ስንወጣ 14 ነጥብ 3። ጋሸና ቆመን ሻይ ስንጠጣ ኮርቻውን ከፍቼ ሁለቱንም ሳጥኖች ነካሁ። ሁለቱም ለብ ያሉ ናቸው። ከጋሸና ላሊበላ ያለውን 64 ኪሎ ሜትር እናቴ ስለ መንገዱ እያወራች ነው የጨረስነው። ስንመለስ ግን መርሳን አልፈን ውጫሌ ሳንደርስ ቁጥሩ 14 ነጥብ 9 አሳየ። ትንሽ ቆይቶ ወረደ። ደግሞ ወጣ። ደሴ እስክንገባ ከዚያ አላለፈም፤ ዓይኔ ግን ከእሱ አልተነሳም።


ጋሽ ቦቢና፣ ጥር 3

ያንን ሽቦ ፍቀህ እንደገና በእጅህ ጠምዝዘህ ነው ያሰርከው ብለህ ነበር። በስታኞ አስይዘኸዋል?


ሐረጎ ወራጅ፣ ጥር 3

አይ ጋሼ፣ ናስትሮ ብቻ ነው።


ጋሽ ቦቢና፣ ጥር 3

ዛሬውኑ ፍታው። አረንጓዴው ተመልሶ ጀምሯል። የተበላውን ጫፍ እስከ ንጹሁ መዳብ ድረስ ቁረጠው፣ በስታኞ በይደው፣ በሙቀት የሚጨማደደውን ላስቲክ አልብሰው። ከዚያ ለክተህ ንገረኝ።


ሐረጎ ወራጅ፣ ጥር 4

ሠራሁት። ሦስት ጣት ያህል ሽቦ ቆርጬ ጣልኩ፤ ውስጡ ድረስ ጠቁሮ ነበር። አዲስ ቀጥዬ በየድኩት። በባትሪውና በጥቁሩ ሽቦ መካከል አሁን ዜሮ ነጥብ 1። 4 ሺህ ዙር ላይ 14 ነጥብ 3፣ 5 ሺህ ላይም 14 ነጥብ 3። ነገ ሰኞ ነው፤ ባቲ እንወርዳለን።